የሕንፃ ነዳፊ ትምህርት በምረቃው ቀን አይፈጸምም

መጽሐፍ የጻፈ ሰው ስሕተት የተገኘበት እንደ ሆነ በሁለተኛው ኅትመት ያርመዋል። ፍርድ የፈረደ ዳኛም ቢሳሳት ይግባኝ ሰሚው ያቃናዋል። ቤት የነደፈ ሰው ግን የተሳሳተ እንደ ሆነ ስሕተቱ በድንጋይና በሲሚንቶ ጸንቶ ይቆምና ልጅና የልጅ ልጅ እያየው ይኖራል፤ የባሰ የሆነ እንደ ሆነም በውስጡ ያሉትን ሰዎች ይጎዳል። ስለዚህ ከብዙ ሞያዎች ይልቅ ዕውቀቱን ዘወትር ማደስ የሚገባው አርክቴክት የሚባለው የሕንፃ ነዳፊ ነው። ይህ ነገር በቃል ሲነገር የማይስማማበት ሰው የለም። በሥራ ሲታይ ግን ነዳፊው የምስክር ወረቀቱን ከተቀበለበት ቀን ወዲህ ምን እንደ ተማረ የሚጠይቀው ሰው ጥቂት ነው፤ አሠሪው የሚጠይቀው ዋጋውንና ቀኑን ነው። በአማርኛ ነደፈ የሚለው ቃል ለንብም ለነዳፊም ይነገራል፤ የንብ ሕመም ግን በማግስቱ ይሽራል።

ነገሩ የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ መስሎ እንዳይታይ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ አገር ያለውን መመልከት ይጠቅማል። ቢቸና ያለችበት የእነማይ ወረዳ በጤፉ የታወቀ ነው፤ ጤፉንም እንዲያ የሚያሳምረው ጥቁሩ ዋልካ መሬት ነው። ገበሬው የዋልካን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፥ በሬውንም ሰውንም ያሰምጣል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ይደርቅና እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ለእርሻ በረከት የሆነው ይህ መሬት ለቤት መከራ ነው። በውስጡ ያለው ደቃቅ ሸክላ በየንብርብሩ መካከል ውሃን ስለሚቀበል በረጠበ ጊዜ መሠረቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፥ በደረቀም ጊዜ ይለቀዋል። ግፊቱም በቤቱ ሥር ሁሉ እኩል አይደለም። ጣራው ውሃውን የሚያፈስበት ማዕዘን ሲያብጥ፥ ወለሉ ከዝናብ የከለለው መካከሉ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፤ ግድግዳውም በሁለቱ መካከል ይጨነቃል። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄደው ስንጥቅ የዚህ ጭንቀት ምልክት ነው።

የዱሮው ቤት ይህን የሚችልበት መንገድ ነበረው። በእንጨትና በማገር ቆሞ በጭቃ የተመረገ ስለ ሆነ መሬቱ ሲነሣ አብሮ ይነሣል፥ ሲወርድም አብሮ ይወርዳል፤ ጭቃው የተሰነጠቀ እንደ ሆነም ባለቤቱ ከጭድ ጋር አቡክቶ በአንድ ቀን መልሶ ይለስነዋል። የብሎኬትና የሲሚንቶ ቤት ግን እንደዚህ እሺ ብሎ አይታጠፍም። ጠንካራ ነው፤ የሚሰብረውም ይኸው ጥንካሬው ነው። ብዙ ሰው ሲሚንቶ ከጭቃ ይበልጣል ብሎ ያምናል፥ በብዙ ነገርም እውነት ነው። ዳሩ ግን ዋልካ ላይ ያለ ዕውቀት የቆመ የሲሚንቶ ቤት በጥቂት ክረምት ውስጥ ከጎረቤቱ የጭቃ ቤት ይልቅ አስጊ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ዋልካውን ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት፥ ወይም መሠረቱን የክረምትና የበጋ እርጥበት ከማይለዋወጥበት ጥልቀት ድረስ ማውረድ፥ መሠረቱንም ዙሪያውን በብረት በተሞላ ኮንክሪት ማሰር ይገባል። ይህን የሚያሰላው በርግጥ የመሠረት መሐንዲስ ነው። ነገር ግን የጣራው ውሃ ወዴት እንደሚፈስ፥ አሸንዳው በየትኛው ማዕዘን እንደሚወርድ፥ በግድግዳው ዙሪያ ያለው የድንጋይ ንጣፍ ምን ያህል እንደሚሰፋ፥ ቤቱም አንድ ረጅም ክፍል ይሁን ወይስ በመካከሉ የተለያየ ሁለት ክፍል ይሁን የሚወስነው ነዳፊው ነው። የባሕር ዛፍን ነገር እንኳ ነዳፊው ማወቅ አለበት። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ይህ ዛፍ ለማገዶና ለቤት እንጨት ብዙ ጠቅሟል፤ ከግድግዳ አጠገብ የተተከለ እንደ ሆነ ግን ሥሩ በአንድ ወገን ያለውን ውሃ ጠጥቶ ዋልካውን ያደርቀዋል፥ ቤቱም ወደዚያው ወገን ያዘነብላል። ለአጥር ያማረው ዛፍ የግድግዳው ጠላት ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከመጽሐፍ የማይገኝ ምሥጢር አይደለም። ተማሪው በትምህርት ቤት ሳለ ስለሚያብጥ መሬት ሰምቶ ይሆናል። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ነው። በቀይ አፈርና በዐለት ላይ ሃያ ዓመት ሲሠራ የቆየ ነዳፊ ለቢቸና ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ንድፍ ላክ በተባለ ጊዜ፥ በመዝገቡ ያለውን አንድ ንድፍ አውጥቶ የቦታውን ስም ብቻ ለውጦ ቢልከው ማን ያርመዋል? ንድፉ በወረቀት ላይ ያማረ ነው፤ ማኅተሙም አለበት። ስሕተቱን የሚናገረው ዋልካው ነው፥ እርሱም የሚናገረው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

ሕጉና ልኩም ቢሆን ባለበት አይቆምም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ በ2015 በአዲስ ተተክቷል። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ በተጻፈው ክፍል የቀድሞው ልክ የተመሠረተው በ100 ዓመት ውስጥ ሊመጣ በሚታሰበው መናወጥ ላይ ነበር፤ አዲሱ የ475 ዓመቱን ይዞ ተነሥቷል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው ስለዚህ ነገር መጠየቅ ጀመረ። ምሥራቅ ጎጃም ከስምጥ ሸለቆው የራቀ ቢሆንም በዚያ የሚሠራው ነዳፊ ብዙ ጊዜ በአዲስ አበባም፥ በአዳማም፥ በሐዋሳም የሚሠራ ያው ሰው ነው። በ1990 ዓ.ም. የተመረቀ ነዳፊ በትምህርት ቤት የተማረው የቀድሞውን ልክ ነው። ከታች ሱቅ ይሁን ብሎ የምድር ቤቱን ግድግዳ ሁሉ አንሥቶ ላይኛውን ደርብ በቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ ብቻ የሚያቆመው ሰው፥ ይህ ቅርጽ በመናወጥ ጊዜ ምን እንደሚሆን ዳግመኛ ካልተማረ በልማዱ ሊቀጥል ይችላል።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ለማግኘት ጎጃም ከሌላ አገር መበደር አያስፈልገውም። የጎንጅና የዋሸራ የቅኔ ቤቶች፥ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅም ለሊቃውንቱ የታወቁ ናቸው። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ሙሉ ቤት እስኪቀኝ ድረስ ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል። ከዚያም ተነሥቶ በሌላ ቤት ያለውን የአገባብ ልዩነት ለመስማት አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ወደ ሌላ መምህር ይሄዳል። መምህር ከተባለ በኋላ እንኳ ወንበሩን ለደቀ መዝሙሩ ትቶ ትርጓሜ መጽሐፍ ለመማር ወደ ሌላ ጉባኤ የወረደ ሊቅ ብርቅ አይደለም፤ እንዲህ በማድረጉም ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ከዚህ ሌላ ቅኔው የሚነገረው በበዓል ቀን በማኅሌት፥ በሊቃውንት ፊት ነው። ምሥጢሩ የሳተ ወይም አገባቡ የተበላሸ እንደ ሆነ ሰሚው ዝም አይልም። ስለዚህ ባለቅኔ ከተመረቀ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየበዓሉ ይፈተናል። ነዳፊው ግን ከተመረቀ በኋላ ሥራውን በባልንጀሮቹ ፊት አቁሞ እንዲያስረዳ የሚገደድበት በዓል የለውም። ንድፉ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይሄዳል፥ ማኅተም ይቀበላል፥ ይመለሳል።

በኢትዮጵያ የሕንፃ ጥበብ በዘመናዊ ትምህርት ቤት መሰጠት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለዚህ መሠረት ሆኗል፤ በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የሕንፃና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ወራሹ ሆነ። ትምህርቱ አምስት ዓመት ያህል የሚፈጅ ነው። አምስት ዓመት ለመጀመር በቂ ነው፤ ለአርባ ዓመት ሥራ ግን ስንቅ አይሆንም።

ከቢቸና ወደ ሰሜን ተጕዞ ሞጣ የደረሰ ሰው ደግሞ ስለዚሁ ጉዳይ የበለጠ የሚያስተምር ነገር ያገኛል። ከሞጣ ወደ ዐባይ በረሃ ሲወረድ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው፥ በዐፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ እንደ ተሠራ የሚነገርለት ድልድይ አለ። በጢስ ዐባይ በኩል ካለው ከሌላው የዚያ ዘመን ድልድይ ጋር ሁለቱ ለብዙ ዘመን በዐባይ ላይ የነበሩ መሻገሪያዎች ናቸው። የሞጣው በ1928 ዓ.ም. በተጀመረው የጣልያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ ፈርሶ ስለ ቀረ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከስልሳ ዓመት በላይ መንገደኛው በሁለቱም ወገን የቆሙ ሰዎች በያዙት ገመድ ወገቡን ታስሮ በገደሉ ላይ እየተጐተተ ይሻገር ነበር። ወደ ገበያ የሚሄደው ገበሬም፥ ወደ ሐኪም የሚሄደው ሕመምተኛም፥ ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው ተማሪም በዚሁ ገመድ ያልፍ ነበር።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በታኅሣሥ 2000 የወጣ አንድ የአሜሪካ መጽሔት የዚህን ገመድ ሥዕል አሳተመ። ሥዕሉን ያየው ኬን ፍራንትዝ የሚባል በግንባታ ሥራ የኖረ አሜሪካዊ ነገሩ ስላሳዘነው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተ፤ ወደ ሞጣም መጥቶ በ1994 ዓ.ም. ገደማ ከአገሩ ሰዎች ጋር በፈረሰው ክፍል ላይ የብረት መሻገሪያ አቆመበት። ሕዝቡም ተደሰተ። ሦስት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ግን በክረምት የሞላው ዐባይ ብረቱን ወሰደው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ የዱሮዎቹን ግንበኞች አመስግኖ የኋለኛውን ይነቅፋል። የፋሲል ዘመን ድንጋይ ከ300 ዓመት በላይ ጎርፉን ችሎ መቆሙ እውነት ነው፤ በክብደቱም፥ በቅርጹም፥ በኖራውም ነው የቻለው። ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ከጎርፉ በኋላ የሆነው ነው። ድርጅቱ ብረቱ በተወሰደበት ቦታ ያንኑ ብረት መልሶ አልተከለም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ከውሃው ከፍ ብሎ በገመድ ሽቦ የተንጠለጠለ፥ 100 ሜትር ያህል የሚረዝም የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። የመጀመሪያው ሥራ የተሰበረውን ክፍል መሙላት ነበር፤ የሁለተኛው ሥራ ግን ወንዙ የሚደርስበትን ከፍታ ተከትሎ የድልድዩን ዐይነት ከነጭራሹ መለወጥ ሆነ። በሞያው ሸምግሎ የነበረ ሰው እንደገና ተማሪ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ትምህርት የተከፈለው ዋጋ አንድ ድልድይ ነው። ያንኑ ትምህርት ከሥራው በፊት፥ በጉባኤ፥ የወንዙን የጎርፍ ምልክት ከሚያውቁ የአገር ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ መቀበል ይቻል እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

ይህ ነገር ካህናቱን በቅርብ የሚነካበት መንገድም አለ። በምሥራቅ ጎጃም የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ እንደ ሌላው ሕንፃ በአንድ ባለ ገንዘብ የሚሠራ አይደለም። ከስለት፥ ከአሥራት፥ ከባልቴቲቱ መቀነት በተፈታ ሳንቲም፥ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር ከሚኖሩት ተወላጆች መዋጮ በብዙ ዓመት ይጠራቀማል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ዋልካ ላይ ሲሰነጠቅ ማየት ከባድ ነው። ከስንጥቁ ሌላ ደግሞ የድምፅ ጉዳይ አለ። የሣር ክዳንና የጭቃ ግድግዳ የነበረው ክብ ቤተ ክርስቲያን ድምፅን ስለሚጠጣ የካህኑ ንባብና የዲያቆኑ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። የኮንክሪት ጉልላትና ልስን ግድግዳ ግን ድምፁን እየመለሱ ይጋጩበታል፤ ከበሮውና ጸናጽሉ ሲጨመርበት ምእመኑ ዜማውን እንጂ ቃሉን አይለይም። ከዚህም የተነሣ ብዙ ቦታ ድምፅ ማጉያ ይገባል፥ ማጉያውም ማስተጋባቱን ይጨምረዋል። ድምፅ በሕንፃ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ የሚያስተምር ዕውቀት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ካደገ አንድ መቶ ዓመት አልፎታል። ነዳፊው ይህን ቢማር፥ ቅኔ ማኅሌቱን፥ ቅድስቱንና መቅደሱንም ከሊቃውንቱ ጠይቆ ቢያውቅ፥ የጣራውን ሥርና ግድግዳውን ድምፅ በሚጠጣ ነገር መሥራት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነበር።

በአሮጌዎቹ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ከአዲሶቹ ይብሳል። ከሞጣ በማይርቀው በእነብሴ ሳር ምድር በመርጡለ ማርያም፥ በእቴጌ እሌኒ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት፥ በዐፄ ሱስንዮስም ዘመን በኢየሱሳውያን እጅ እንደገና የተነካው ሕንፃ ፍራሽ ቆሟል። በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው አበባና ሐረግ ዛሬም ያስደንቃል። እንደዚህ ያለውን ግንብ፥ ወይም ሥዕል የተለጠፈበትን የጭቃ ግድግዳ፥ እንጠግነው ብሎ በሲሚንቶ የሚለስን ሰው ክፉ ሐሳብ የለውም። ጭቃና ኖራ ግን እርጥበቱን እያስወጡ የሚኖሩ ናቸው፤ ሲሚንቶ ያን መውጫ ይዘጋበታል። እርጥበቱም በግድግዳው ውስጥ ታስሮ ድንጋዩን ያፈርሳል፥ ሥዕሉንም ከነልስኑ ያረግፋል። የላሊበላን ታሪክ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመጠበቅ ተብሎ ሬንጅ የሚባለው ቅጥራንና ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሳንድሮ አንጀሊኒ የተባለው የኢጣልያ አርክቴክት ከሠራተኞቹ ጋር ያን ቅብ ከዐለቱ ላይ ማስለቀቅ ትልቅ ሥራ ሆነበት። ቅጥራን ለኖኅ መርከብ ተስማምቶ ይሆናል፤ ለላሊበላ ዐለት ግን አልተስማማም። የመጀመሪያውን ቅብ የቀቡት ሰዎች ያልተማሩ አልነበሩም። የጎደላቸው የአሮጌ ድንጋይን ጠባይ የሚያስተምር ትምህርት ነበር፤ እርሱም ብዙው የመጣው ከእነርሱ ምረቃ በኋላ ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ችግር በሥርዓት ለማቃለል ተሞክሯል። የብሪታንያ አርክቴክቶች ንጉሣዊ ኢንስቲትዩት አባሎቹ በየዓመቱ 35 ሰዓት እንዲማሩ ያዛል። የአሜሪካ አርክቴክቶች ኢንስቲትዩት በዓመት 18 የትምህርት ነጥብ ይጠይቃል፤ ከዚያም 12ቱ የሰውን ጤናና ደኅንነት የሚመለከቱ እንዲሆኑ ይፈልጋል። በኢትዮጵያም የጤና ባለሞያዎች ተከታታይ ትምህርት ከፈቃዳቸው እድሳት ጋር እንዲያያዝ የጤና ሚኒስቴር ሥርዓት አውጥቷል። ሐኪም አንድ ሰው ላይ ቢሳሳት አንድ ቤተ ሰብ ያዝናል። የትምህርት ቤት ጣራ የነደፈ ሰው ቢሳሳት የስንት ቤት ልጅ እንዳለበት ይቈጠር።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፥ ሕዝብ የሚገለገልበትን ሕንፃና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን በከፍተኛው ምድብ አድርጎ ነበር። መልካም አከፋፈል ነው። ነገር ግን አከፋፈሉ ስለ ሕንፃው እንጂ ስለ ነዳፊው ትምህርት መታደስ አይደለም። ሕንፃው በከፍተኛው ምድብ ሲቈጠር ነዳፊውም ከፍ ያለና የታደሰ ዕውቀት እንዲያሳይ ቢጠየቅ ከአዋጁ መንፈስ የወጣ አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሰዓት ብቻ የሚቈጠርበት ትምህርት ቶሎ ወደ ወረቀት ይለወጣል። አዳራሽ ተከራይቶ፥ ሻይ ጠጥቶ፥ ስም ፈርሞ፥ በማታው የምስክር ወረቀት ይዞ መመለስ ለማንም አይጠቅምም፤ እንዲያውም አላዋቂውን ዐዋቂ አስመስሎ ስለሚያሳይ ይጎዳል። ባለሥልጣኖቹ እንዲህ ያለውን ነገር በብዙ ሞያ አይተውታል። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባው ነዳፊው ስንት ሰዓት ተቀመጠ የሚለው ሳይሆን፥ ራሱ የነደፈውን አንድ ሕንፃ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ አይቶ የተሰነጠቀውን፥ ያፈሰሰውን፥ የሞቀውንና ያስተጋባውን በባልንጀሮቹ ፊት አስረድቷልን የሚለው ነው። ይህ እንደ ቅኔው በሊቃውንት ፊት መነገር ነው። ያፍርበታል የሚል ሰው ይኖራል። በቅኔ ቤትም የሚያፍር ተማሪ አለ፤ ዳሩ ግን ታርሞ ያልፋል።

በቢቸናና በሞጣ ስንት አርክቴክት አለና ነው ይህ ሁሉ የሚባለው የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው ከእውነት የራቀ አይደለም። በነዚህ ከተሞች የሚሠራው ቤት አብዛኛው ግንበኛና አናጢ በልምድ የሚሠሩት ነው፤ ንድፍ የሚያስፈልገውም ከደብረ ማርቆስ፥ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ተነድፎ ይመጣል። ነገር ግን ስለዚሁ ነው ትምህርቱ ወደዚያ መሄድ ያለበት። ነዳፊው ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ አዳራሽ ሲጠራ የሚሰማው የአዲስ አበባን ነገር ነው። ወደ ቢቸና የተጠራ እንደ ሆነ ግን ዋልካውን በእጁ ይዞ ያየዋል፤ ግንበኛውም ከአጠገቡ ቆሞ ይሰማል፥ ይጠይቃል፥ አንዳንዴም ያስተምረዋል። ሙሴ ድንኳኑን በሠራ ጊዜ ባስልኤልና ኤልያብ የተመረጡት በእጃቸው ጥበብ ብቻ አልነበረም፤ ሌሎችን ማስተማርም ተሰጥቷቸው እንደ ነበረ ካህናቱ ያውቁታል።

ወጪውም እንደሚፈራው አይደለም። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን በአንድ ቀን መንገድ ይደርሳሉ። የኢትዮጵያ አርክቴክቶች ማኅበር ዐዋቂዎችን ሊመርጥ ይችላል። አዳራሽ የሌለ እንደ ሆነ የትምህርት ቤት ክፍል በዕረፍት ወራት ባዶ ነው። የከተማ አስተዳደሩ ከዚህ የሚጠበቅበት ሁለት ነገር ነው፤ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ነዳፊው ቦታውን መጥቶ ማየቱንና መሬቱ ተቆፍሮ መመርመሩን መጠየቅ፥ የፈቃድ እድሳትም በሚታይበት ቦታ ነዳፊው በጉባኤ ያስረዳውን ሥራ መዝግቦ ማስተላለፍ። የሰበካ ጉባኤውም ለአዲስ ሕንፃ ነዳፊ ሲቀጥር ከዋጋው በፊት ሦስት አራት ጥያቄ ቢጠይቅ መብቱ ነው። ከዚህ ቀደም በዋልካ ላይ ምን ሠራህ? ዛሬ እንዴት ሆኖ ይገኛል? ሄደን እንየው? ካህኑ ውስጥ ሲያነብ ከደጅ ያለው ይሰማል? ጥያቄው ነዳፊውን ማዋረድ አይደለም፤ የቅኔ መምህር ሲመጣ ከማን ተማርክ ተብሎ መጠየቁ እንደ ንቀት አይቈጠርም።

ጉባኤው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢሆን ይሻላል፤ አንዱ ዋልካው ባበጠበት በነሐሴ፥ ሁለተኛው በተሰነጠቀበት በሚያዝያ። በነሐሴ የመጡት ነዳፊዎችና ግንበኞች በቢቸና ከተማ አንድ የተሰነጠቀ የመንግሥት ሕንፃ መርጠው በየስንጥቁ ላይ በቀጭኑ ጀሶ ይለጥፉበታል፥ ቀኑንም በላዩ ይጽፉበታል። በሚያዝያ ሲመለሱ የትኛው ጀሶ እንደ ተሰበረ፥ የትኛውም ደኅና እንደ ሆነ ያያሉ፤ ከዚያም የትኛው ማዕዘን እንደሚንቀሳቀስና ውሃው ከየት እንደሚገባ በንድፍ ያወጡታል። ንድፉ ወደ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልገውም። በከተማው ማዘጋጃ ቤት በአንድ መዝገብ ተጠርዞ ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያች ከተማ ቤት ለመንደፍ የሚመጣው ሰው ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት መዝገቡን አንብቦ በግርጌው ይፈርም።